ሰዓቱን ከማየታችሁ በፊት ሳምንታቱን እዩ

ውድ ወጣቶች፣

ያለፈው የሩጫ ዓመቴ ወጣ ገባ ነበር። ሀዋሳ ላይ በተደረገ ግማሽ ማራቶን ለብዙ ዓመታት ያላየሁትን ሰዓት አየሁ። ሰኔ መገባደጃ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ 10 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ግን ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። የቀረውን ሮጥ ራመድ እያልኩ ጨረስኩት። ኅዳር ላይ ደግሞ ታላቁ ሩጫ ነበር፤ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ሃምሳዎቹን ያጋመስኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሮጬ የማገኘው አምስት ሳንቲም የለም። ቢሮ ያሉ ልጆች ግን ውጤቴን በስልካቸው ይከታተላሉ። የሰኔውን ያየች አንዷ "ጋሼ፣ በደህናዎ ነው? ምን ነካዎት?" አለችኝ። ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። እናንተም ራሳችሁን እንዲህ ትጠይቃላችሁ፣ ያውም በክፉ ቃል። አንድ ውድድር ስለከፋበት "እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም" ብሎ ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ የሰጠ ልጅ አውቃለሁ። ጫማው ገና አዲስ ነበር።

በእኛ ሙያ ድርጅቱ አተረፈ ወይስ ከሰረ የሚለው ከታች ባለች አንድ መስመር ላይ ይጻፋል። አለቆች እሷን ብቻ አይተው ይደሰታሉ ወይም ይቆጣሉ። ሒሳብ ሠራተኛ ግን ቫውቸሩን ሳያገላብጥ አያምናትም። የውድድር ሰዓትንም እንደዚያው ነው የማየው። ከመደሰቴም ከማዘኔም በፊት ከኋላው ያሉትን ሳምንታት አገላብጣለሁ።

እስቲ ሰኔን አብረን እንየው። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ያ ወር ምን እንደሚመስል ያውቃል። የንብረት ቆጠራ አለ። የባንክ ማስታረቂያ አለ። ያልተወራረደ የውሎ አበል አለ፤ ባለቤቱ መስክ ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እራት ተብሎ የሚበላው ሻይ በቦምቦሊኖ ነው። ቤት ተገብቶ የሚተኛው ለስድስት ሰዓት ትንሽ ሲቀረው ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ መስቀል አደባባይ ነኝ፤ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስኩ ወደ ላይ እሮጣለሁ። በወረቀት ላይ ልምምዱ አልጎደለም። የጎደለው እንቅልፍና ምግብ ነው። እግር የሚጠነክረው ደግሞ ስንሮጥ ሳይሆን ከሮጥን በኋላ ስንበላና ስንተኛ ነው። ሰውነት የዳገት ድካምና የኦዲተር ድካም ብሎ አይለይም። ስለዚህ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሆነው ብዙም አላስደነቀኝም።

ሀዋሳስ? ሰው መጥፎ ውጤት ሲመጣ ምክንያት ይፈልጋል፤ ጥሩ ሲመጣ ግን ዝም ብሎ ይወስደዋል። ጥሩውንም መመርመር ያስፈልጋል። ለሀዋሳ መዘጋጀት የጀመርኩት በገና ጾም ነበር። "በጾም እንዴት ይሮጣል?" የሚሉኝ አሉ። እኔ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ላይ አደረግኩት፤ ቅዳሜ ከጥሉላት ቢጾምም ጠዋት መብላት ይቻላል። ስመለስ በሶ፣ ከዚያ ምስር፣ ከዚያ ሱፍ ፍትፍት። በሌሎቹ ቀናት ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ። ሙስሊም የሩጫ ጓደኞቼም ረመዳን ላይ ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው፤ ቀለል አድርገው ከኢፍጣር በፊት ይሮጡና ቀጥታ ወደ ማዕዱ። ሥራ ላይም ወሩ ረጋ ያለ ነበር። በጊዜ እተኛ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ሀዋሳ 1700 ሜትር አካባቢ ነው፤ መንገዱም አብዛኛው ሜዳ ነው። እዚህ ዳገት ላይ ሲያለከልክ የከረመ ሰው እዚያ ሲወርድ ትንፋሹ ይከፈትለታል። ፀሐይዋ ሳትበረታ ከጨረሳችሁ ደግሞ ሰዓቱ ያምራል። እኔም የሀዋሳን ድርሻ ቀንሼ ነው የተደሰትኩት። ከሀዋሳው ሰዓት አንፃር አዲስ አበባ ላይ "ወረድኩ" ብላችሁ የምታዝኑ ካላችሁ፣ ሁለቱን አታነፃፅሩ። እንጦጦን ወጥታችሁ ከሜዳማው የበርሊን ማራቶን ሰዓት ጋር የምታስተያዩማ ብሳችኋል።

ታላቁ ሩጫን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. ሲጀምሩት 10 ሺህ ሰው ነበር፤ አሁን በብዙ እጥፍ አድጓል። ከፊቴ ወጣቶች ክብ ሠርተው እስክስታ ይመታሉ፣ ከጎኔ አንዱ ጥሩንባ ይነፋል፣ ከላይ በጀሪካን ውኃ ይደፋብኛል። እዚያ ሰዓት የሚቆጥሩት ከፊት የሚነሡት ናቸው። እኔ ሰዓቴን ኪሴ ከተትኩት።

"ይህ የአማተር ወሬ ነው" የምትሉ ካላችሁ ታምራት ቶላን ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የዓለም ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ቡዳፔስት ላይ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ ኒው ዮርክን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ፤ የቦታው ክብረ ወሰን ሆነ። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ገባና ያንን ዳገታም መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰ። ወርቅም የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም ወሰደ። ሰውዬው አንድ ነው። በቡዳፔስቱ ዕለት ስለ እሱ የተሰጠው ፍርድ ሁሉ ከንቱ ቀረ።

አሁን ስለ እናንተ ዕድሜ ልናገር። በሃያዎቹ ትንፋሽ ቶሎ ይመጣል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲለመዱ ታያላችሁ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ትንፋሻችሁ "ጨምር" ይላል፣ ቅልጥማችሁ ገና አልደረሰም። ሱሉልታ ሄዳችሁ የአትሌቶች ቡድን ስታዩ ከኋላ አትከተሉ። እነሱ ስንት ዓመት ሠርተውበታል፤ ከሰዓት በኋላም ይተኛሉ። እናንተ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናችሁ። የቅልጥማችሁን አጥንት በጣት ስትነኩት አንድ ቦታ ላይ ለይቶ የሚያማችሁ ከሆነ አቁሙ። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁም አታሳሹት፤ ሐኪም ይየው። ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ዕረፍት እንጂ ማሸት አይፈውሰውም።

ስልካችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ ርቀቱንና የልብ ምታችሁን ይመዘግባል። ፈተና እንደነበረባችሁ፣ አከራይ ቤት ልቀቁ እንዳላችሁ፣ ምሳ እንዳልበላችሁ ግን አያውቅም። ስለዚህ ርካሽ ደብተር ግዙ። ከሩጫው ጎን ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ምን እንደበላችሁና ቀኑ እንዴት እንደዋለ አንድ አንድ መስመር ጻፉ። በየቀኑ ካልሆነላችሁ ከውድድር በፊት ያሉትን አራት ሳምንታት ብቻ ጻፉ። ውድድሩ ሲያልፍ መጀመሪያ ደብተሩን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ክፈቱ።

እኔ ለመጪው ሰኔ ምንም ውድድር አልያዝኩም፤ ሰኔ የኦዲተሮች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ቢሆንም እንቅልፍ ይጠገባል፤ ቀስ እያልኩ እሮጣለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ዳገት እጨምራለሁ። ኅዳር ላይ ለመሮጥ የምታስቡ ካላችሁ ምዝገባው እንደተከፈተ ቶሎ ተመዝገቡ፤ ቲሸርቱ ያልቃል።