ሃንድአውቱ ቢያረጅም ኮርሱን አትተዪው

ጥያቄሽን ላሳጥረው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ኮሌጅ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመግቢያ ኮርሱ ሃንድአውት ፍሎፒ ዲስክን በሁለት ገጽ ሲያብራራ ክላውድን (ዳታን በኢንተርኔት በኩል በሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥን) በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድም ቃል የለውም፣ ላብ ላይ የምትሠሩት በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ በአክሰስ 2007 ነው። ወንድምሽ «ጊዜሽን አታባክኚ፣ ውጪና አጭር የኮዲንግ ሥልጠና ውሰጂ» ይልሻል። አንቺም «ልውጣ ወይስ ልቀጥል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ቀጥዪ። ቅሬታሽ ግን ልክ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ዛሬ የሚጠቅመው የ«ሴቭ» ምልክት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብቻ ነው። ክላውድም ትናንት የመጣ አይደለም፤ አማዞን ኤስ3 የተባለውን የማከማቻ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ላብ ላይ ካለው አክሰስ እንኳ ይቀድማል። ስለዚህ «ቴክኖሎጂው ፈጠነብን» የሚለው ምክንያት እዚህ ብዙ አያስኬድም።

ሆኖም ያረጀውንና ያላረጀውን ለይተሽ እዪ። ዳታን በተዛመዱ ሰንጠረዦች ማደራጀትን የአይቢኤም ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ሰንጠረዦቹን የምንጠይቅበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ የአሜሪካ ስታንዳርድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነገ ባንክ ተቀጥረሽ ኦራክል የተባለው ትልቅ ዳታቤዝ ፊት ብትቀመጪ የሚጠብቅሽ ይኸው ነው። ፕራይመሪ ኪይ (አንዱን መዝገብ ከሌላው የሚለየው መለያ) ምን እንደሆነ በአክሰስ የገባው ሰው በሌላውም አይቸገርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የላብ ሥራው የተለመደው «የቤተ መጻሕፍት ሲስተም» ከሆነ መምህርሽን አስፈቅደሽ በሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ቀይሪው። ባለሱቁንም አስፈቅጂ፣ የደንበኞቹን ትክክለኛ ስም ግን አታውጪ። ከዚያ ሥራው ራሱ ያስተምርሻል። አንዷን ደንበኛ አንድ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላ ቦታ «ጸሀይ» ብለሽ መዝግቢያት። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ካካተተበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፀ» እና «ጸ» የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሴት ያያል፣ ዕዳዋም በሁለት ስም ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ቀጥሎ «ጳጉሜ 3» የተወሰደ ስኳር አለ እንበል። የአክሰስ የቀን መስክ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጠሽ ታስቀምጫለሽ ወይስ እንደ ጽሑፍ? እንደ ጽሑፍ ካስቀመጥሽው በቀን ቅደም ተከተል መደርደሩ ያስቸግርሻል። «ላስት ኔም» የሚለው ሳጥን ውስጥስ የአባት ስም ይገባል ወይስ የአያት?

የወሰንሽውንና ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጻፊ፣ ከዚያ ያንኑ ሥራ ፖስትግሬስ በተባለው፣ በነፃ በሚገኝ ዳታቤዝ ድገሚው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ሠርተሻል?» ሲሉሽ የምታሳዪው ይህን ነው። ቻትጂፒቲ የሰንጠረዡን ኮድ በሰከንዶች ይጽፍልሻል፣ ተጠቀሚበት፤ ባለሱቁ ቤት ኪራይ ሲደርስበት ዱቤ እንደሚያቆም ግን ካልነገርሽው አያውቅም። ሄዶ መጠየቅ ያንቺ ሙያ ነው።

ወንድምሽ ያለውን ሥልጠና ከትምህርትሽ ጎን አድርጊው። የመንግሥቱ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም በነፃና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፣ ለክረምት ይሆንሻል፤ ቤት ውስጥ ካልተመቸሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብሽ ነው። ዲግሪውን ግን አትልቀቂ፤ ብዙ የባንክ ማስታወቂያ ገና በሩ ላይ ዲግሪ ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም ስላለ «ያረጀ ነው» ብለሽ የምትዘዪው ምዕራፍ እዚያ ሊጠብቅሽ ይችላል።

ትምህርት ክፍሉን ማነጋገር ከፈለጋችሁ በክፍል ተወካያችሁ በኩል ሂዱ። «ሁሉም ነገር አርጅቷል» አትበሉ፣ መምህሩ ይቀየማል፣ ወሬውም እዚያው ይቀራል። ካሪኩለም መከለስ ከመምህሩ በላይ ነው፤ ምሳሌ መቀየር ግን በእጁ ነው። አንድ ገጽ ላይ የሚወጣውንና የሚገባውን ጻፉለት፦ ፍሎፒው ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የክፍያ ሥርዓት ምሳሌ ይሁን፤ የሥነ ምግባሩ ምዕራፍ ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጨመር፤ የፋይዳ መታወቂያም አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። ወረቀቱን ሴሚስተሩ ሲጀመር ስጡት እንጂ የፈተና ሳምንት ላይ አትሂዱ።