ዳታቤዙ ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ ለምን አይሰማም?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ አነስተኛ የመድኃኒት መደብር አለኝ። የዕቃ መዝገባችን የደርቢን ዳታቤዝ በሚጠቀም የጃቫ ፕሮግራም ይሠራል። የደርቢ ሰርቨር በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ችግር ባይኖርም፣ መጋዘን ካለው ኮምፒውተር ስንሞክር ግንኙነቱ ተቀባይነት አላገኘም ይለናል። ፋየርዎሉን ብናጠፋም ለውጥ አላመጣም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ፋየርዎሉን መልሰው ያብሩት፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። የደርቢ ሰርቨር ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር የሚያዳምጠው በ127.0.0.1፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር ብቻ በሚነጋገርበት አድራሻ፣ በ1527 ፖርት (ጥሪው ወደ የትኛው ፕሮግራም እንደሚሄድ በሚለይ የበር ቁጥር) ላይ ስለሆነ፣ ከመጋዘኑ የሚላከው ጥሪ ኮምፒውተሩ ዘንድ ቢደርስም ተቀባይ አጥቶ ይመለሳል። በሰርቨሩ ላይ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ የሚዘረዝረውን የኔትስታትን ትእዛዝ ቢሰጡ ይህንኑ አድራሻ ከ1527 ጋር ተጽፎ ያገኙታል።

አድራሻው የሚለወጠው ሰርቨሩ በሚነሣበት ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የደርቢ.ፕሮፐርቲስ ፋይል፣ ደርቢ.ዲአርዲኤ.ሆስት በተባለው መስመር ነው፤ ሁለቱም ስሞች በኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ 0.0.0.0 ጽፈው ይገላገላሉ፤ ይህም ኮምፒውተሩ ባሉት የኔትወርክ ካርዶች ሁሉ እንዲያዳምጥ ማዘዝ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ደንበኞች ከሚጠቀሙበት ዋይፋይ ጋርም ከተገናኘ የመድኃኒት መዝገብዎን ለእነርሱም መክፈት ነው። ስለዚህ ወደ መጋዘኑ የሚወስደውን ካርድ አድራሻ ብቻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ ይጻፉና ሰርቨሩን አጥፍተው ያስነሡት፤ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሣ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን በሰርቨሩ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱ በ127.0.0.1 ሲጠራ ምላሽ ስለማያገኝ፣ እርሱንም ወደ አዲሱ አድራሻ ማዞር ግድ ይላል። አድራሻው ከራውተሩ በየጊዜው የሚታደል ከሆነም አንድ ቀን ሲለወጥ ሰርቨሩ መነሣት ያቅተዋልና በራውተሩ ላይ ቋሚ ያስደርጉት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። ደርቢ ካልታዘዘ በቀር ማንነትን አያጣራም፤ የፈለገውን ስም ያቀረበ ሁሉ ይገባል። ከ10.9 ጀምሮ ባሉት ዕትሞች ተጠቃሚዎችን በዳታቤዙ ውስጥ መዝግቦ የሚያጣራበት መንገድ ስላለ፣ ፕሮግራሙን የሠራልዎት ባለሙያ አድራሻውን ከመለወጡ በፊት ይህን ያብራልዎት። በፋየርዎሉም ላይ 1527 ለመጋዘኑ ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ ይፈቀድ።