«ሽልማት ይገባሻል» አሉኝ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

አሥራ አንድ ዓመት በመድረክና በቴሌቪዥን ድራማ ሠርቻለሁ። ዘንድሮ አንድ ጣቢያ ለማታው ዜና አንባቢነት ሲቀጥረኝ በደስታ ነበር የገባሁት። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ፤ በዜና ክፍሉ ውስጥ እስካሁን ስም የለኝም። «ተዋናይቷ መጣች»፣ «ተዋናይቷ ሻይ ትጠጣለች?» ነው የሚሉት። ባለፈው ወር የአንድ አውቶቡስ አደጋ ዜና ሳነብ ልጆቿን ያጣች እናት በምስሉ ላይ ታየችና ድምፄ ተቆረጠ። ከስቱዲዮ ስወጣ አለቃዬ አጨበጨበልኝ፤ «ሽልማት ይገባሻል» አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

ሥራው ከብዶኝ አይደለም። ዘጋቢዎቹ ጽፈው ያቀብሉኛል፤ እኔ ማንበብ ብቻ ነው፤ አንድ ቃል እንኳ ስቼ አላውቅም። ያቃጠለኝ ንቀቱ ነው።

ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ደግሞ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ትኖራለች። ከእርሷ ስለ ሎረን ሌጋርዳ ሰምታ፣ በማስታወቂያ ጀምራ ዜና አቅራቢ፣ ከዚያም ሴናተር ሆነች እያለች በደወለች ቁጥር «አንቺ ምን ይጎድልሻል?» ትለኛለች። እርሱም ሰልችቶኛል።

በነገራችን ላይ፣ በአንድ አዲስ ተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይት እንድሆን ተጠይቄያለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። ልመለስ?

ድምፄ የተቆረጠው፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣

ያጨበጨበልሽ ሰው ባለጌ ነው፤ እርሱን በዚህ እንለፈው። እኔን ያስደነገጠኝ «ማንበብ ብቻ ነው» ብለሽ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን በቃልሽ አሳምረሽ አቀረብሽ። ታዲያ ከድራማው መቼ ወጣሽ? ያኔ ደራሲው ይጽፍልሽ ነበር፣ አሁን ዘጋቢው።

እህትሽ የነገረችሽ ታሪክ መካከሉ ጎድሎታል። ሌጋርዳ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የብሮድካስት ትምህርቷን በማዕረግ የጨረሰች ሴት ናት። በኤቢኤስ-ሲቢኤን ጣቢያ «ዘ ወርልድ ቱናይት» የተባለውን ዜና አቀረበች፤ «ዘ ኢንሳይድ ስቶሪ» የተባለውን፣ ጉዳይ እየመረጠ ጠልቆ የሚያይ ፕሮግራምም መራች። እ.ኤ.አ. በ1998 ለሴኔት ስትወዳደር በአገሪቱ ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የእንባውንም ነገር ልንገርሽ፤ እህትሽ ይህን የሰማች አልመሰለኝም። እ.ኤ.አ. ጥር 2001 ራሱ የፊልም ተዋናይ የነበረው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳ በሴኔቱ ፊት ሲከሰስ፣ ማስረጃ የያዘ ፖስታ ይከፈት አይከፈት ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አንድ ለአሥር ሆኖ ፖስታው ታሽጎ ቀረ። ይከፈት ካሉት አንዷ ሌጋርዳ ነበረች፤ በካሜራ ፊት አለቀሰች። ሕዝቡ ወደ ኤድሳ ጎዳና ወጣ፤ በአራተኛው ቀን ኤስትራዳ ከቤተ መንግሥቱ ወጣ። ሦስት ዓመት አልፎ፣ የኤስትራዳ የልብ ወዳጅ ከሆነው የፊልም ተዋናይ ፈርናንዶ ፖ ጋር ተጣምራ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስትቀርብ ግን ያው እንባ መወቀሻዋ ሆነ። ያሸነፋትም የዚያው ጣቢያ ዜና አቅራቢ የነበረው ኖሊ ዴ ካስትሮ ነው።

አየሽ? እንባ እውነተኛም ቢሆን ለራሱ አይመሰክርም። አንቺ ደግሞ ከእንባው ሌላ እስካሁን ያሳየሽው ነገር የለም። የተቆረጠው ድምፅሽ እውነተኛ መሆኑን እኔ አልጠራጠርም፤ እንዲያውም በጣቢያው ውስጥ ያችን እናት በትክክል ያየሻት አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም። ግን ስሟን ታውቂዋለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። አደጋው የደረሰበትን ቦታ እንኳ አልጻፍሽልኝም።

መሪ ተዋናይነቱን እምቢ በይ። ገንዘቡ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ባሏን የመረዘች ሴት ሆነሽ በሁለት ሰዓት ዜና ብታነቢ አለቃሽን እኔም አግዘዋለሁ። ሐሙስ ፈቃድ ውሰጂ። ከሰጡሽ በጣቢያው መኪና፣ ከከለከሉሽ በራስሽ ሂሳብ በአውቶቡስ ወደዚያች እናት ሂጂ። ደብተር ያዢ፤ ሜካፑን ቤት ተዪው። መጀመሪያ አልቅሺላት፤ ቀጥሎ አውቶቡሱ የማን እንደ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደ ተመረመረ ጠይቂ። ተመልሰሽ ራስሽ ጻፊው። ዘጋቢዎቹ ያርሙልሽ፤ ይሳቁም።