መንገዱ ከከበደኝ አልተላክሁም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከአንድ ካህን ጋር ለስብከተ ወንጌል ወደ ካሪቢያን ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ቋንቋው አልያዝልኝ ብሏል፣ የቤት ኪራዩ ከብዶናል፤ ለጉባኤ የሚመጡት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። እግዚአብሔር ልኮኝ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይቃናልኝ ነበር እላለሁ። ልመለስ? (ዲያቆን ነኝ)

መልስ፦ ልጄ፣ ድካምህ ገብቶኛል። ስለ ጾምና ጸሎት አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። «መንገዱ ከተቃና ፈቃዱ ነው፣ ካልተቃና አይደለም» የሚለውን ግን ከብዙ አገልጋዮች አፍ ሰምቼዋለሁ። ቪዛ የተከለከለው በዚህ ሚዛን ተስፋ ይቆርጣል፤ በቀላሉ የወጣለትም በዚሁ ሚዛን ራሱን እንደ ተላከ ይቆጥራል። ሚዛኑ የተሳሳተ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ቀስ ብለህ አንብብ። ቅዱስ ጳውሎስ በእስያ፣ ማለትም ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር በነበረችው የሮም አውራጃ፣ እንዳይሰብክ መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። በጢሮአዳ ሳለ ሌሊት «ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን» የሚል ሰው በራእይ አየ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጥሪ ከየት ይመጣል? ተሻገረ። ፊልጵስዩስ ሲደርስ ያገኘው በወንዝ ዳር የተሰበሰቡ ሴቶችን ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በበትር ተደብድቦ ወኅኒ ተጣለ፤ እግሩም በግንድ ተጠረቀ። ራእዩ እውነት ነበር፤ ወኅኒውም እውነት ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የምታስደንቀኝ ልድያ ናት። ይህች ቀይ ሐር ሻጭ የትያጥሮን ሰው ናት፤ ትያጥሮን ደግሞ ጳውሎስ በተከለከለባት በዚያችው በእስያ ያለች ከተማ ናት። እስያዊቷን ባሕር ተሻግሮ አገኛት! «ጌታ ልብዋን ከፈተላት» ይላል፤ ከነቤተ ሰቧ ተጠመቀች። ያ የወንዝ ዳር ጉባኤ ጳውሎስ በተሰሎንቄ ሳለ አንድ ሁለት ጊዜ ስንቅ የላከችለት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በኋላም በእስራት ሆኖ «ደስታዬና አክሊሌ» ብሎ ጻፈላቸው። አክሊሉ ሰዎቹ ነበሩ።

አንተ ባለህበት አካባቢም የቀደመህ አለ። አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ በ1962 ዓ.ም. ጃማይካ ሲደርሱ ብዙ ሰው ተቀብሏቸዋል፤ ነገር ግን ከራስ ተፈሪያኑ መካከል ንጉሠ ነገሥቱን አምላክ የሚሉ፣ በንጉሡ ስም አጥምቁን የሚሉም ነበሩ። ለቁጥር ቢሯሯጡ ኖሮ እሺ ባሉ። እሳቸው ግን ሰዎቹን ሳይንቁ አስተማሩ፤ የጸናውን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቁ። በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉም የተቀበሩት እዚያው ጃማይካ ነው።

አሁን ደግሞ ልቆጣህ። ቋንቋው ያልያዘልህ ስላልተማርከው ከሆነ መስቀል ብለህ አትጥራው። ስንፍናችንን ከሐዋርያት መከራ ጋር መቁጠር ድፍረት ነው። በየቀኑ ከሰባቱ ከአንዱ ጋር ተቀመጥና ተማር፤ የሚሰጥህ ነገር እንዳለው ሲያውቅ እርሱም ይቀርብሃል። የኪራዩን ነገር ለላከህ ሀገረ ስብከት ሳታፍር ጻፍ፤ ጳውሎስም የፊልጵስዩስን ስንቅ ተቀብሏል።

መመለስ ኃጢአት አይደለም። ጤናህ ከታወከ ወይም የላኩህ ተመለስ ካሉህ ተመለስ፤ ከንስሐ አባትህም ጋር ምከር። «ስለከበደኝ አልተላክሁም» ብለህ ግን ጓዝህን አትሸክፍ።

የሰባቱን ሰዎች የክርስትና ስም ጽፈህ ላክልኝ። ያልተጠመቁ ካሉም የቤት ስማቸውን ላክልኝ፤ ከመጪው እሑድ ጀምሮ በጸሎት አስባቸዋለሁ።