የንግሥት ጥንድ ይዞ የተናደደ ሰው ሲገጥም፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቅዳሜ ማታ የምንሰበሰብ የካርታ ወዳጆች የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን ፖከር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የተሸፈኑ ካርታዎች ይታደላሉ፤ መሐል ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ። የምናስይዘው የቡና ፍሬ ነው፤ ጅማ ተቀምጦ ፍሬ አጣሁ የሚል የለም። ሰሞኑን «ጥሩ ጥንድ ይዤ፣ ተሸንፎ የተናደደ ሰው ሲገጥመኝ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ስለመጣብኝ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ጓደኛዬ ትልቅ እጅ (አንድ ዙር ጨዋታ) ተሸነፈና በሚቀጥለው ካርታውን ሳያይ 12 ፍሬ ወረወረ። ሌላ ጊዜ የሚያስገባው 3 ነው። እኔ የንግሥት ጥንድ ይዤ ፈርቼ ካርታዬን ጣልኩ። አጠፋሁ?

አጥፍተሃል። ይኸው ሰው በተረጋጋበት ቀን በዚህ መጠን የሚገባው የአስ ጥንድ፣ የንጉሥ ጥንድ፣ ወይም አስና ንጉሥ ሲይዝ ብቻ ነው እንበል። ያን ጊዜ ንግሥቶችህ እስከ መጨረሻው ካርታ ቢዘልቁ የሚያሸንፉት ከመቶ 40 ጊዜ ገደማ ነው። ካርታውን ሳያይ ሲገባ ግን በእጁ ያለው የመጣለት ነው፤ ዕድልህ ወደ 80 ይወጣል። በአንድ ንዴት ዕጥፍ ሆነልህ ማለት ነው። 12ቱን ወደ 36 ከፍ ማድረግ ነበረብህ።

ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝም ብዬ 12ቱን ብቻ ከፍዬ ተከትዬ ባጠምደውስ?

ከአንተ በኋላ የሚወስኑ ሌሎች ካሉ አይሆንም። የአስ ጥንድ እንኳን ማንኛውንም ሁለት ካርታ የያዘ አንድ ሰው ሲገጥመው ከመቶ 85 ጊዜ ያሸንፋል፤ አምስት ሰዎች ተከትለው ከገቡ ከ50 በታች ይወርዳል። የተናደደውን ሰው ለብቻው ማግኘት አለብህ፤ ሌላውን የሚያስወጣልህ ደግሞ ከፍ ማድረግ ነው።

ሁለታችሁ ብቻ ከቀራችሁ ንዴቱን ለይ። አንዱ ሲናደድ ያጠቃል፤ በየካርታው ፍሬ ይወረውራል። ለእሱ ዕድሉን ስጠው፤ ሳታስገባ አሳልፍ፣ ሲወረውር ተከተል። ሌላው ሲናደድ እልኸኛ ይሆናል፤ አይወረውርም፣ ግን «አላምንህም» እያለ የመጣውን ሁሉ ይከፍላል። በእሱ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራስህ አስገባ፤ መጠኑንም አታሳንስ። ሁለተኛው ዓይነት በእኛ ጠረጴዛ ይበዛል። እንዲህ ያለውን ሰው ባዶ እጅ ይዞ ለማስፈራራት መሞከር ከንቱ ነው፤ አይጥልልህም።

እኔ የንጉሥ ጥንድ ይዤ መሐል ላይ አስ ሲወጣ፣ አስ የያዘ ሰው ይበልጠኛል ብዬ እጄ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ ይመጣል እንዴ?

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ሲገለጡ ቢያንስ አንድ አስ የሚኖረው ከመቶ 23 ጊዜ ገደማ ነው፤ ከአራት ጊዜ አንዴ እንኳን አይሞላም። በንግሥት ጥንድ ላይ አስ ወይም ንጉሥ የሚወጣው ግን ከመቶ 41 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ልመጂው፣ እህቴ።

አንድ አስ ወጣ፣ መሐል 40 ፍሬ አለ፣ የተናደደው ሰው 40 ጨመረ እንበል። 80 ለመውሰድ 40 ትከፍያለሽ፤ ከሦስት ጊዜ አንዴ ካሸነፍሽ ኪሳራ የለብሽም። የያዘው ያገኘውን ሁለት ካርታ ከሆነ አስ የመያዝ ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው። እርግጥ የተናደደ ሰውም ቢሆን አስ አይጥልም፤ ከፍ አድርገሽ ቁጠሪው፤ ቢሆንም ከሦስት ሁለት ለመድረስ ሩቅ ነው። ተከተዪ እንጂ ከፍ አታድርጊ፤ ከፍ ካደረግሽ ባዶውን ጥሎ ይወጣል፣ የሚቀርብሽ አሱን ሲይዝ ብቻ ነው።

እውነት መናደዱን በምን አውቃለሁ? ሊያስመስል ይችላል።

በአንድ እጅ አትፍረድ። ተሸንፎ በሚቀጥለው ጥሩ ካርታ የደረሰው ሰውና የተቃጠለ ሰው ለአንድ እጅ ያህል ፍጹም ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ፍሬ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ሁለት ሦስት እጅ ጠብቅ፦ ሁሉንም እጅ ይጫወታል? ሳያስብ ይወረውራል? መጠኑ ያለ ምክንያት ይዘልላል? ያለፈውን እጅ እየደጋገመ ያወራል? በእኔ ግምት ከሁሉም የሚታመነው የመጠኑ መዝለል ነው። ፊት ማጥቆር ማንም ይችላል፤ ፍሬን ለማስመሰል ብሎ የሚበትን ጥቂት ነው።

አማቼ ሲሸነፍ ይጮኻል። በቃላት ነካ ነካ ባደርገውስ?

አይገባም። ነገ ቡና የምትጠጡት አብራችሁ ነው።

ሁሉንም በትክክል አደረግሁ፤ እሱ ግን በ7 እና በ2 የአስ ጥንዴን አሸነፈኝ። ምን ይባላል?

ምንም አይባልም። ከመቶ 85 ማለት ከሰባት ጊዜ አንዴ ገደማ ትሸነፋለህ ማለት ነው። የአስ ጥንድ በአማካይ በ221 እጅ አንዴ ስለሚመጣ ሽንፈቱ ያንገበግባል፤ ይገባኛል። በዚያች ሰዓት ግን ጠረጴዛው ላይ የተናደደው ሰው አንተ ነህ፤ የሚቀጥሉትን ጥቂት እጆች ጥለህ ዝናቡን ብታይ ይሻላል።

በገንዘብ ብንጫወትስ?

እኔ አልጫወትም። ሰው ደመወዙን ይዞ ሲናደድ የምትሰበስበው ካርታውን ነው።

የመጨረሻ፦ በክረምት ካርታችን ረጥቦ ይጣበቃል፤ አንዱ አስ ጥግ ላይ ታጥፏል። እንቀጥልበት?

በእሱ አትጫወቱ። የታጠፈ አስ ከጀርባው ይታወቃል፤ የተሸነፈው ሰው ያን ካየ ደግሞ ንዴቱ ትክክል ይሆናል። በፕላስቲክ የተሠራውን ግዙ፤ ከወረቀቱ ይወደዳል እንጂ እርጥበት ይችላል። ሁለት ጥቅል ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታደል ሌላው ይበወዝ፣ የጀርባቸው ቀለም ግን ይለያይ።