የሆቴል እንግሊዝኛ፦ ከሪሴፕሽን እስከ ሬስቶራንት ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ሆቴል ውስጥ ከሚሠሩና ለመግባት ከሚዘጋጁ ሰዎች ነው። የቃላት ዝርዝር መሸምደድ አይከፋም። ሆቴሉን ገንዘብ፣ እንግዳውን እንቅልፍ የሚያሳጡት ስህተቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት፣ ከቁጥር፣ ከአልጋ ዓይነትና ከዋጋ ነው የሚነሱት። ስለዚህ መልሴ እዚያ ላይ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሪሴፕሽን ልጀምር ነው። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። መጀመሪያ ምን ላጥና?

መልስ፦ ሰዓት አጥኚ። እንግዳው ቼክ አውት መቼ እንደሆነ ሲጠይቅሽ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት መሆኑን በአማርኛ አስበሽ «ሲክስ» ካልሽው እሱ የሚረዳው የእኛን የማታ 12 ሰዓት ነው። ክፍሉን እስከዚያ አይለቅም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚገባው እንግዳ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ሎቢ ላይ ይቀመጣል። ትክክለኛው «ትዌልቭ ኑን» ነው። «ትዌልቭ» ብቻ ማለት አይበቃም፣ እኩለ ሌሊትም ትዌልቭ ነውና። ለቀትር «ኑን»፣ ለእኩለ ሌሊት «ሚድናይት» በይ። ዌክ-አፕ ኮል (የመቀስቀሻ ጥሪ) ሲታዘዝ መዝገቡ ላይ በ24 ሰዓት አጻጻፍ፣ 06:30 ብለሽ ጻፊ። ተረኛው ሲቀየር «12፡30 ቀስቅሱት» የሚል ማስታወሻ ከተገኘ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ በረራቸው ሌሊት ቦሌ የሚያርፍ እንግዶች ክፍል ሲይዙ ሁልጊዜ ቀኑ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ለምን?

መልስ፦ ምክንያቱም እኛ ሌሊቱን የምንቆጥረው ካለፈው ቀን ጋር ነው፤ በእነሱ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑ ተቀይሯል። ጁላይ 15 በ00:30 የሚያርፍ ሰው የሚያስፈልገው የጁላይ 14 ሌሊት ክፍል ነው። ለ15 ከተያዘለት ክፍሉ የሚደርስለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ለ14 ተይዞለት የበረራ ሰዓቱ ካልተመዘገበ ደግሞ የማታው ኦዲት፣ ማለትም ሌሊት የቀኑን ሂሳብ የሚዘጋው ሠራተኛ፣ «ኖ ሾው» (ያልመጣ እንግዳ) ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ የበረራ ቁጥሩንና ሰዓቱን መዝግቡ፣ ከዚያ እንዲህ ብላችሁ አረጋግጡ፦ «ሶ ዩ ኒድ ዘ ሩም ፍሮም ዘ ናይት ኦፍ ዘ ፎርቲንዝ፣ ኮሬክት?»

የቀን አጻጻፍም አለ። 05/07 ለአሜሪካዊው ሜይ 7 ነው፣ ለእንግሊዛዊው ጁላይ 5። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። አገር ውስጥ የሚደውል ደንበኛ «ሐምሌ 8» ሲላችሁ ጁላይ 15 ማለቱ ነው፤ ሲስተሙ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለቱንም ቀን ጮክ ብላችሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ደብል እና ትዊን ይምታታብኛል።

መልስ፦ ደብል ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ሰፊ አልጋ ነው። ትዊን ሁለት የተለያዩ ነጠላ አልጋዎች ናቸው። የሚያስቸግረው አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰፋፊ አልጋ ያለበት ክፍል መለመዱ ነው፤ እንግዳው «ደብል» ሲል ያንን ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ በስም አትመን፣ አልጋ ቁጠር፦ «ዋን ላርጅ ቤድ ኦር ቱ ሴፓሬት ቤድስ?» ባልና ሚስት ናችሁ ወይ ብለህ ግን በፍጹም አትጠይቅ። ልጆች ይዞ ለመጣ ቤተሰብ «ኮኔክቲንግ ሩምስ» ማለት በውስጥ በር የሚገናኙ ክፍሎች ናቸው። «አድጆይኒንግ» ጎን ለጎን ብቻ ናቸው፣ መሃላቸው በር ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያውን ቃል ሰጥተህ ሁለተኛውን ክፍል ብታስረክብ እናትየው ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ስትመላለስ ታድራለች።

ጥያቄ፦ የዋጋ ቃላትን አብራሩልኝ። «ፕላስ ፕላስ» ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋጋው ላይ ሰርቪስ ቻርጅና ታክስ ይጨመራል ማለት ነው። እኛ ጋ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። 100 ዶላር 110 ይሆናል፣ በ110 ላይ 16.50 ሲጨመር 126.50። ብዙ ሰው 25 በመቶ ደምሮ 125 ይላል፤ ቢል ሲወጣ ልዩነቱ ያጣላል። እንግዳው በስልክ ዋጋ ሲጠይቅ የመጨረሻውን ቁጥር ንገሩትና «ኢንክሉዲንግ ታክስ ኤንድ ሰርቪስ» በሉት።

«ኢንክሉድድ» ከክፍሉ ዋጋ ውስጥ ያለ፣ «ኮምፕሊመንተሪ» ሆቴሉ በነጻ የሚሰጠው ነው። «ሃፍ ቦርድ» ቁርስና አንድ ዋና ምግብ፣ ብዙውን ጊዜ እራት ነው። «ፉል ቦርድ» ሦስቱንም ምግብ ይይዛል፣ መጠጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። ይህን ቼክ ኢን ላይ ካልተናገራችሁ ቼክ አውት ላይ ትከራከራላችሁ።

ካርድ ላይ «ፕሪ-ኦቶራይዜሽን» ሲደረግ ገንዘቡ አልተወሰደም፣ ተይዟል። «ዊ ሆልድ ዚስ አማውንት፣ ዊ ዶንት ቻርጅ ኢት» በሉ። የሚለቀውም የእንግዳው ባንክ ስለሆነ ቀናት ሊወስድ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጥያቄ፦ እንግዳ «ሃዝንት ማይ ላጌጅ አራይቭድ?» አለኝ፣ «የስ» አልኩት፣ ሻንጣው የደረሰ መስሎት ወረደ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ በአማርኛ «አልመጣም ወይ?» ለሚል ጥያቄ «አዎ፣ አልመጣም» እንላለን፣ ልክ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልመጣ ነገር መልሱ «ኖ» ነው፦ «ኖ፣ ኢት ሃዝንት አራይቭድ የት»። ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ከጨረስክ «የስ» እና «ኖ» ላይ ብትሳሳት እንኳ ይገባዋል። «ዱ ዩ ማይንድ» የሚል ጥያቄም እንዲሁ ነው። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሊቭ ማይ ባግ ሂር?» ሲልህ «የስ» ብትል ከልክለኸዋል። ፈቃድህን ለመግለጽ «ኖት አት ኦል» በል።

ጥያቄ፦ ማናጀሬ «እንግሊዝኛህ ያዛል» ይለኛል። እኔ ግን «ፕሊዝ» እጨምራለሁ።

መልስ፦ አማርኛ አክብሮትን ግሱ ውስጥ ይከታል፤ «ይቀመጡ» ካልክ ተከብሯል። እንግሊዝኛ ያንን ስለሌለው ጥያቄ አድርጎ ይናገራል። «ጊቭ ሚ ፓስፖርት ፕሊዝ» ትእዛዝ ነው፤ «ሜይ አይ ሃቭ ዮር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?» ትሕትና ነው። «ዩ ማስት ፔይ» ሳይሆን «ሃው ዉድ ዩ ላይክ ቱ ፔይ?»። ያልሰማኸውን «ዋት?» አትበል፣ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሪፒት ዛት?» በል። መጥፎ ዜናን «አይ አም አፍሬድ» በሚል ጀምር። እነዚህን አራት አነጋገሮች አፍህ እስኪለምዳቸው ድረስ ብትደጋግም የተቀረው ይከተላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ (ክፍል ጽዳት) ተቀጥሬያለሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉት አሕጽሮቶች ምን ማለት ናቸው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። «ቪሲ» ባዶና የጸዳ፣ «ቪዲ» ባዶ ግን ያልጸዳ፣ «ኦሲ» ሰው ያለበትና የጸዳ፣ «ኦዲ» ሰው ያለበትና ያልጸዳ ክፍል ነው። «ዲኤንዲ» አትረብሹ ማለት ነው፤ አታንኳኪ፣ ሰዓቱን ጽፈሽ እለፊ፣ ምልክቱ ሳይነሳ ከዋለ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ። «ትሪፕል ኦ» የሚሉት ከሽያጭ የወጣ ብልሽት ያለበት ክፍል ነው፤ «ኦኦኤስ» ጥቃቅን ጥገና የሚቀረው ነው።

ከቃላቱ «ሺት»፣ አንሶላ፣ አነባበቡ ረጅም ነው፤ ካሳጠርሽው ነውር ቃል ይሆናል። እስክትለምጂው «ቤድ ሊነን» ብትዪ የትራስ ልብሱንም ይጨምርልሻል።

ጥያቄ፦ አስተናጋጅ ነኝ። «ፋስቲንግ ፉድ» ስል ፈረንጆቹ ግራ ይገባቸዋል።

መልስ፦ ጾም ለእነሱ ጨርሶ አለመብላት ስለሆነ ነው። «ቪጋን፦ ኖ ሚት፣ ኖ ዴሪ፣ ኖ ኤግስ» በል። ዓሣ ያለበት የጾም ምግብ ግን ቪጋን ስላልሆነ ለይተህ ተናገር። ውሃ ሲታዘዝ «ስቲል ኦር ስፓርክሊንግ?» ብለህ ጠይቅ፣ አምቦ ስፓርክሊንግ ነው። የእኛ ማኪያቶ ጣሊያን ከሚጠጣው ይልቅ ወተት ይበዛዋል፤ ጣሊያናዊ እንግዳ ካዘዘ ወተቱ ጥቂት ይሁን ወይ ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በስልክ 15 እና 50፣ እንዲሁም ስም መጻፍ ያቅተኛል።

መልስ፦ «ፊፍቲን» ሲባል ድምፁ የሚጠነክረው መጨረሻው ላይ ነው፣ «ፊፍቲ» መጀመሪያው ላይ። ጆሮህን አትመን፣ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዜሮ?» በል። የክፍል ቁጥር 205 «ቱ ኦ ፋይቭ»፣ 1315 ደግሞ «ሰርቲን ፊፍቲን» ተብሎ ይነበባል። ለስም አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ እያለ የሚቀጥለውን የፊደል መጥሪያ ሃያ ስድስቱንም ያዝ። በስልክ የሚምታቱት በተለይ ቢ ከፒ፣ ኤም ከኤን ነውና «ብራቮ ኦር ፓፓ?»፣ «ማይክ ኦር ኖቬምበር?» ብለህ ለይ።