የኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰት፦ ወላጆችና ተማሪዎች ጠየቁ፣ እኔ መለስኩ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ከሐበሻ ልጆች ጋር ቁጭ እላለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ኮሌጅ ለመግባት ድርሰት ይጽፋሉ፤ እኔ አነባለሁ፣ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ኮመን አፕ የሚባለው፣ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኬ አያርፍም። ስለዚህ «ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ» አልኩ። ላካችሁልኝ፤ እነሆ መልሱ።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ማትሪክ ተፈተንን፣ ውጤት መጣ፣ ተመደብን፤ አለቀ። የልጄ ውጤት ጥሩ ነው። ታዲያ ስለ ራስህ ጻፍ የሚሉት ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ግራ ቢገባዎት አይገርመኝም። እኛ ባደግንበት አሠራር የሚወስነው ነጥብ ነው። እዚህ ግን ብዙ ሰው የሚያመለክትባቸው ኮሌጆች ጋ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ሺህ ልጆች ይቀርባሉ። ስለ ልጅዎ ትራንስክሪፕቱ ይናገራል፤ መምህሩም በድጋፍ ደብዳቤ ይናገራል። ልጁ በራሱ አፍ የሚናገርበት ቦታ ድርሰቱ ነው። የኮመን አፕ ዋናው ድርሰት ከ250 እስከ 650 ቃል ነው፤ ቢበዛ አንድ ገጽ ከምናምን። ሁሉም ኮሌጅ ደግሞ አይጠይቅም። እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለመግባት ድርሰት አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚያመለክትበትን ዝርዝር ይዩ፤ ያለ ምክንያት እንቅልፍ እንዳያጡ።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ፦ እዚህ የደረስኩት በሱዳን አድርጌ፣ ብዙ ስቃይ አይቼ ነው። ልጄ ይህን ቢጽፍ ልብ አይነካም?

ይነካል፣ ወንድሜ። ግን ኮሌጁ የሚያስገባው ልጁን ነው። ድርሰቱ ስለ እርስዎ ብቻ ከሆነ፣ አንባቢው እርስዎን አድንቆ ልጁን ሳያውቀው ወረቀቱን ያጥፈዋል።

አንዲት ልጅ «ወላጆቼ ለተሻለ ሕይወት ከኢትዮጵያ መጡ» ብሎ የሚጀምር ድርሰት ይዛ መጣች። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች ግማሾቹ እንዲህ ነው የሚጀምሩት። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩና «ትናንት ማታ ቤት ምን ስትሠሪ አመሸሽ?» አልኳት።

«ምንም። የእማዬን ፖስታ ሳነብ።»

ምን ፖስታ? የኢንሹራንስ፣ የቤት ኪራይ፣ የሆስፒታል። ከ10 ዓመቷ ጀምሮ ከራት በኋላ እየከፈተች ለእናቷ በአማርኛ ትነግራታለች። አማርኛ ያጣችላቸውን ቃላት የምትጽፍበት ደብተርም አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛው መጣች። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጥጉ ላይ ወጥ የተንጠባጠበበት ደብተር ነው። «ዲዳክተብል» ከሚለው የኢንሹራንስ ቃል ፊት ሦስት ትርጉም ተጽፎ ሦስቱም ተሰርዟል። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «እድሩ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እማዬ ከኪሷ የምታወጣው።» ድርሰቱ እዚያ ጋ ተገኘ። እናትየዋ አለችበት፣ ስደቱም አለበት። የምናያት ግን ልጅቷን ነው፤ ቃል ስትፈልግ፣ ስትሰርዝ፣ ስታገኝ።

ስለ መንገዱ ለልጅዎ ይንገሩት፤ ማወቅ አለበት። ከዚያ «ይህን ከሰማህ በኋላ አንተ ምን አደረግህ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው ይጻፈው።

ተማሪ፣ ቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ ስለ ራሴ ስጽፍ ጉራ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ይህንን የማይለኝ የሐበሻ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ያደግሽበት ጨዋነት ጥሩ ነው፤ ተይው አልልሽም። ጉራ የሚመስለው ራስሽ ላይ የለጠፍሽው ቅጽል ነው። «ታታሪ ነኝ፣ መሪ ነኝ» ማንም ሊል ይችላል። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሕፃናት ፊደል አስቆጥራለሁ፤ አንዱ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ እኔም እዚያው ገብቼ ሀ ሁ አስብለዋለሁ» ብትይ ግን የሠራሽውን ነገርሽን። ራስሽን አላመሰገንሽም። ፍርዱ የአንባቢው ነው።

አሁን ረቂቅሽን አንሺና ስለ ራስሽ የጻፍሽውን ቅጽል ሁሉ ሰርዢ። በቦታው አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ የሠራሽው ነገር አስገቢ። «እኛ» የሚለውንም ፈልጊ። ልጆቻችን «ክለባችን ዝግጅት አዘጋጀ» ማለት ይቀናቸዋል። አንቺ ምን ሠራሽ? ወንበር ከሆነ የደረደርሽው፣ ወንበር ደረደርኩ በይ።

እናት፣ አትላንታ፦ ልጄ ክለብም ስፖርትም የለውም። ማታ ሥራ ስለምገባ ታናናሾቹን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ታዲያ ይኼ ምን ይጎድለዋል? ኮመን አፕ ላይ 10 ተግባራት የሚዘረዘሩበት ቦታ አለ። ከምድቦቹ አንዱ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ምን እንደሚያበስል፣ የማንን የቤት ሥራ እንደሚያይ ይጻፍ። ለአንዱ ተግባር መግለጫ የሚፈቀደው 150 ፊደል ብቻ ስለሆነ አያብዛው። ባዶ የሚተውት ልጆች በጣም ያሳዝኑኛል።

አባት፣ ዳላስ፦ ለጎበዝ ጸሐፊ ከፍዬ ላስጽፍለት? ወይስ በቻትጂፒቲ ይጻፍ?

ሁለቱንም አይሆንም እላለሁ። ልጁ ማመልከቻውን ሲልክ የራሴ ሥራ ነው ብሎ ይፈርማል። ኮመን አፕ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈን ይዘት የራስ አስመስሎ ማቅረብን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ልጅ ድርሰት በጣም ደካማ መሰለኝና አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ «አስተካከልኩት»። አማረ። ልጁ አነበበውና ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ አሪፍ ነው። ግን እኔ አይደለሁም» አለኝ። 17 ዓመቱ ነበር። የነገረኝ ነገር «አንተ አትበቃም» ያልኩት መስሎት እንደነበር ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ አልይዝም። «ይኼ አልገባኝም»፣ «ከዚያስ?»፣ «ምን ብላ መለሰችልህ?» ብቻ ነው የምለው። ሰዋስው ቢያርሙለት፣ የፊደል ስህተት ቢያሳዩት ችግር የለውም። ሐሳቡና አነጋገሩ የእሱ ይሁን።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦ ሙሉ ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ። ስለ ድህነታችን ብጽፍ ይረዳኛል?

የገንዘብ አቅማችሁን የሚያዩት በሌላ ፎርም ነው። ብዙ ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ይጠይቃሉ። ድርሰቱ ውስጥ ችግርን መዘርዘር አይጠበቅብሽም። ችግሩ ሕይወትሽ ውስጥ ካለ ግን አትደብቂው፤ መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደምታጠኚ መጻፍ ትችያለሽ። «እንዴት» የሚለው ላይ ቆም በይ።

አንባቢሽ ስለ አገርሽ ትምህርት ብዙም ላያውቅ ይችላል። ፈተናው ስለ ተራዘመ ወይም ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ዓመት ቢያልፍሽ፣ ተጨማሪ መረጃ በሚለው ቦታ በአጭሩ አስረጂ። ዋናውን ድርሰት ለዚያ አታባክኚው።

የኮሌጅ ምርጫሽንም አስቢበት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ቦዶይን የውጭ አገር ተማሪ መክፈል አለመቻሉን ለቅበላ መመዘኛ አያደርጉትም፤ የጎደለውንም ይሞላሉ። መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ስለሆነ ዝርዝርሽ በእነሱ ብቻ እንዳያልቅ። የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርልሽ መጠየቅም ይቻላል። አዲስ አበባ ያለውን የኤዱኬሽን ዩኤስኤ (የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ምክር አገልግሎት) አማካሪ በነፃ አነጋግሪ።

ማመልከቻ የሚዘጋበትንም ቀን ተጠንቀቂ። ኖቬምበር 1 በእኛ ጥቅምት 21 ወይም 22 ነው፤ ጃንዋሪ 1 ደግሞ ታኅሣሥ 22 ወይም 23። ኔትወርክ አያስተማምንምና ሦስት ቀን ቀድመሽ ላኪ።

ተማሪ፣ ሎስ አንጀለስ፦ ለዩሲ ያንኑ የኮመን አፕ ድርሰት ልላክ?

አይሆንም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ማመልከቻ አለው። ስምንት ጥያቄ ያቀርባል፣ አራቱን ትመርጣለህ፣ እያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ነው። እዚያ ላይ ማስዋብ አያዋጣም፤ ቀጥታ ግባበት።

ተማሪ፣ ሚኒሶታ፦ ጥቁር መሆኔን መጥቀስ ተከልክሏል ይላሉ። እውነት ነው?

ጁን 29፣ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንደ መመዘኛ እንዳይጠቀሙ ወሰነ። ነገር ግን ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ፣ አመልካች ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው ያንን ማየት እንደሚችል አስፍረዋል። ስለዚህ የደረሰብህን፣ ያሰብከውን፣ ያደረግከውን ጻፍ። ቤት ሐበሻ፣ ትምህርት ቤት ጥቁር፣ ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ «ሶማሌ ነህ?» እየተባልክ ካደግህ፣ ከአንተ በቀር የሚጽፈው የለም።

እናት፣ ዴንቨር፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በምን ልርዳት?

በአማርኛ። ቡና ሲፈላ ጎንዎ ያስቀምጧትና «ትንሽ ሆነሽ ምን ትወጂ ነበር? መቼ ነው በጣም የተናደድሽው? ማንን ማስተማር ትችያለሽ?» ይበሏት። እርስዎ የሚያስታውሱት እሷ የረሳችው ብዙ ነገር አለ፤ ያንን ይንገሯት። ስታወራ አያቋርጧት፣ አይምከሯት። ለዚያች ሰዓት ምክር ይቆይ።

ጽፋ ስትጨርስ ጮክ ብላ ታንብብልዎ። እንግሊዝኛው ባይገባዎትም ድምፅዋን ያውቁታል። የሆነ ቦታ ላይ እንደ ዜና አንባቢ መሆን ትጀምራለች፤ የራሷ ያልሆነ ቃል ሲመጣ ይታወቃል። እዚያ ጋ ያስቁሟትና «ይኼ ምን ማለት ነው? በአማርኛ ንገሪኝ» ይበሏት። የምትነግርዎትን ትጻፈው።